የተሳቢ ሞዞ በዘይት ሲሠራ፤ አያያዙ፣ የብልሽት ምልክቶቹና መፍትሔያቸው

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባው፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ታጥፎ በሐርቡ አድርጎ ወደ ከሚሴ የሚወርደው መንገድ፣ በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እህል ከሚጓጓዝባቸው ዋና ዋና መሥመሮች አንዱ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ መነሻው የአሰብ ወደብ ነበር፤ ወደቡ ቢለወጥም ከሚሌ ወዲህ ያለው ሙቀት፣ አቧራና ዳገት አልተለወጠም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ የሥራው ማነቆ የእህል እጦት ብቻ አልነበረም፤ ወደብ የደረሰውን እህል የሚያነሣ ከባድ ተሽከርካሪና ለተሽከርካሪው የሚሆን መለዋወጫ ማነሱም ጭምር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ድርቅም ስንዴ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ላይ ተራ ሲጠብቁ መሰንበታቸው ይታወሳል።

በዚህ የማጓጓዝ ሥራ የተሰማራ ሁሉ አንድ ስሌት በልቡ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ሁለት መቶ ኩንታል የጫነ ተሳቢ፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ይታደላል ተብሎ ሲታሰብ፣ የ1,333 ሰዎችን የአንድ ወር ቀለብ ይዟል። ይህ ተሳቢ ሰንበቴ ወይም ሐርቡ አጠገብ ጎማው ጨሶ ቢቆም፣ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ተደርድሮለት ጥቂት ቀናት ቢሰነብት፣ የነዚህ ሰዎች እራት በዚያው ልክ ይዘገያል። ለእንዲህ ዓይነቱ መቆም ምክንያት ከሚሆኑት ብልሽቶች መካከል አንዱ የሞዞ መቃጠል ነው። በዘይት የሚሠራው ሞዞ ደግሞ ከመቃጠሉ በፊት ምልክት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ምልክቱን ማንበብ ለሚችል ሾፌርና ረዳት አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ትምህርት የተዘጋጀው ለሾፌሮች፣ ለረዳቶች፣ ለስምሪት ኃላፊዎችና አነስተኛ ጋራዥ ላላቸው ባለሙያዎች ነው።

የሞዞው አሠራር

ሞዞ ማለት ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበትና የፍሬኑ ታምቡር አብሮት የሚዞር የብረት እምብርት ነው። በውስጡ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንዱ በስተውስጥ በፍሬኑ በኩል፣ ሁለተኛው በስተውጭ በክዳኑ በኩል ይገኛል። ሁለቱም የሚቀመጡት በማይዞረው የአክስል ጫፍ ላይ ሲሆን፣ የጭነቱን ክብደት በሙሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ሾፌሮቻችን ከድሮ ጀምሮ የለመዱት በግራሶ የታሸገውን ሞዞ ነው። በሰሜን አሜሪካ በተለመደው አሠራር ግን በግራሶው ፈንታ የተወሰነ መጠን ያለው ወፍራም ዘይት በሞዞው ውስጥ ይደረጋል፤ ጎማው ሲዞር ዘይቱን እያነሣ በሁለቱ ኩሽኔታዎች ላይ ያፈሰዋል። ዘይቱ ወደ ፍሬኑ እንዳይወጣ በስተውስጥ የዘይት ማገጃ (ፓራኦሊዮ) ይገጠማል። በስተውጭ ደግሞ መጠኑ የሚታይበት መስታወት፣ የመሙያ ታፖና ትንሽ መተንፈሻ ያለው ክዳን በጓርኒሲዮን ላይ ይታሰራል።

ዘይት ከግራሶ የሚሻልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስለሚፈስ ሙቀትን ከኩሽኔታው ያርቃል፤ ከብረቱ የሚላጠውን ብናኝ ያጥባል፤ ከሁሉ በላይ ግን ራሱን ያሳያል። በግራሶ የታሸገ ሞዞ ውስጡ ምን እንደሆነ ለማወቅ መፈታት አለበት፤ የዘይቱን ሞዞ ግን በመስታወቱ ማየት ይቻላል። ጉድለቱም ከዚሁ ከመፍሰሱ የሚመጣ ነው። ማገጃው ያረጀ ግራሶ ለተወሰነ ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ዘይት ግን መውጫ ካገኘ በአንድ ቀን ጉዞ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ባለ መስታወቱን ሞዞ ይዞ መስታወቱን አለማየት፣ የግራሶውን ሞዞ ከመያዝ የከፋ ነው።

የጠዋት ምርመራ

ምርመራው መደረግ ያለበት ጠዋት፣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት፣ ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሳለ ነው። ማታ ጉዞ እንዳበቃ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል፤ ዘይቱ ገና ሙቅና አረፋ የያዘ ከመሆኑም በላይ ከፊሉ በኩሽኔታዎቹና በሞዞው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚቆይ የሚታየው መጠን እውነተኛው አይደለም። ተሳቢው ወደ ጎን ባዘመመ መሬት ላይ ቢያድርም እንዲሁ በአንዱ በኩል ያሉት ሞዞዎች የሞሉ፣ በሌላው በኩል ያሉት የጎደሉ መስለው ይታያሉ። ሌሊቱን ከሚሴ የሚያድር ሾፌር የማቆሚያ ቦታውን ሲመርጥ ይህን ከወዲሁ ቢያስብ ጠዋት የሚያጠፋውን ጊዜ ይቀንሳል።

አብዛኞቹ ረዳቶች መስታወቱ ጋ እንደደረሱ ጨርቅ አውጥተው ይጠርጉታል። ከመጥረግ በፊት ግን አቧራውን ማየት ያሻል። በአፋር ቆላና በከሚሴ ዙሪያ ያለ አቧራ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ታማኝ ምስክር ነው። ደረቅ ክዳን ላይ ያረፈ አቧራ ሲነኩት ይበናል፤ ዘይት የነካው አቧራ ግን ጠቆር ብሎ ይለጠፋል። በክዳኑ ዙሪያ የቀለበት ቅርጽ ይዞ የጠቆረ አቧራ ቢታይ ጓርኒሲዮኑ፣ ከመሃል የጀመረ ጥቁረት ቢታይ መተንፈሻው ወይም ታፖው ማላብ መጀመሩን ያመለክታል። ከክዳኑ ተነሥቶ በቸርኬው ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ውጭ የተበተነ መሥመር ካለ፣ ዘይቱ ጎማው እየዞረ ሳለ መውጣቱን ያሳያል። ይህ ሁሉ በአንድ የጨርቅ ጥረጋ የሚጠፋ መረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ መስታወቱ ይጠረጋል። በቤንዚን መጥረግ አይገባም፤ መስታወት እየተባለ ቢጠራም ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ ቤንዚን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። የዘይቱ ወለል በመስታወቱ ላይ በተሰመሩት የዝቅተኛና የሙሉ መጠን ምልክቶች መካከል ወይም በሙሉው ምልክት ላይ መገኘት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ያረጀ መስታወት ዘይቱ ለረጅም ጊዜ በቆመበት ከፍታ ላይ ቡናማ መሥመር ይይዛል፤ ዘይቱ ካለቀ በኋላም ይህ መሥመር ዘይት መስሎ ይታያል። የተጠራጠረ ሰው ታፖውን ከፍቶ በንጹሕ ሽቦ ቢለካ እርግጠኛ ይሆናል። መስታወቱ ከውስጥ ከደበዘዘ ክዳኑ መለወጥ አለበት፤ ዋጋው ከአንድ ኩሽኔታ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

የዘይቱ መልክም ይታይ። ንጹሕ ዘይት ማር ይመስላል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ሞዞው ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። በታፖው ላይ ማግኔት ያለው ከሆነ በላዩ የሚገኘው እንደ አመድ የደቀቀ ብናኝ የተለመደ ሲሆን፣ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ቅንጣት ወይም ቅርፊት ከተገኘ ግን ኩሽኔታው መላጥ ጀምሯልና ተሳቢው ጭነት ይዞ መነሣት የለበትም።

በየመቆሚያው ረዳቶች ወርደው ጎማውን በብረት ዘንግ ሲመቱ እናያለን። መልካም ልማድ ነው፤ የተነፈሰ ጎማ በድምፁ ይታወቃል። ነገር ግን ዘንጉ ከሚመታበት ቦታ እስከ ሞዞው መሃል ያለው ርቀት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ እዚያው ቆሞ ዓይንን ወደ መስታወቱ ማዞር ተጨማሪ ድካም የለውም።

ዘይት ስለ መጨመር

መጠኑ ቀንሶ ከተገኘ የሚጨመረው ቀድሞ ያለው ዓይነት ዘይት ብቻ ነው። ብዙዎቹ አክስሎች የሚቀበሉት በገበያ ‹ዘጠና ቁጥር› የሚባለውን፣ ማለትም 80 ደብልዩ 90 የተባለውን የካምቢዮና የዲፈረንሲያል ዘይት ነው። የሞተር ዘይት በችግር ጊዜ መንገድ ላይ ከማደር ያድን እንደሆነ እንጂ መደበኛ ምትክ ሊሆን አይገባም። ወፍራሙ ዘይት ከክዳኑ በኩል ገብቶ በውጭኛው ኩሽኔታ አልፎ ወደ ውስጠኛው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ወለሉ ዝቅ ካለ እንደገና መሙላት ይገባል። ከሙሉው ምልክት በላይ መሙላት ጥቅም የለውም፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ በመተንፈሻውም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ረዳቱ የሌለ ብልሽት ሲፈልግ ይውላል።

በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ዘይት እየጨመሩ መጓዝን እንደ ጥገና የሚቆጥሩ ሾፌሮች አሉ። ሞተር ዘይት ሊያቃጥል ይችላል፤ ሞዞ ግን ዘይት የሚያቃጥልበት ቦታ የለውም። የጎደለው ዘይት በሙሉ አንድ ቦታ ወጥቷል፤ በውጭ ካልታየ የወጣው ወደ ውስጥ፣ ወደ ፍሬኑ ነው።

ዘይቱ የወጣበትን ስለ መለየት

በክዳኑ በኩል የሚወጣ ዘይት ቀላሉ ብልሽት ነው። ክዳኑ ይፈታል፣ ሁለቱ ገጽታዎች ይጸዳሉ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ትንንሾቹ ቡሎኖች ተራ በተራ በመስቀል ቅደም ተከተል እኩል ይጠበቃሉ። አለመጠን ማጥበቅ ክዳኑን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ክዳን ደግሞ በአዲስ ጓርኒሲዮንም አይዘጋም።

ወደ ውስጥ የሚወጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምልክቱ በውስጠኛው ጎማ ጎን ላይ የሚታይ እርጥበት፣ በፍሬኑ ዙሪያ የተጋገረ ጥቁር ጭቃና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው። የተሳቢው ፍሬን በአየር የሚሠራ ስለሆነ በዚያ አካባቢ የፍሬን ዘይት የሚባል ነገር የለም፤ እርጥበቱ ከሞዞው የወጣ ዘይት፣ ወይም የፍሬኑ መክፈቻ ዘንግ አለመጠን ሲቀባ የተረፈ ግራሶ ነው። ሁለቱን በጣት መካከል በማሸት መለየት ይቻላል።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ መለወጥ አለበት። በቤንዚን አጥቦ በእሳት ማድረቅ በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ ሸራው ሲግል የመጠመውን ዘይት መልሶ ስለሚያወጣው ግን ጥቅም የለውም። ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ሲለወጥ በግራና በቀኝ ያለው የመያዝ ኃይል ስለሚለያይ፣ በአክስሉ በሁለቱም ጫፍ አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማበርን ቁልቁለት ለሚወርድ ተሳቢ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ማገጃ ያለ ምክንያት አያረጅም። አዲስ ማገጃ ገጥሞ ምክንያቱን ሳይፈልጉ መላክ ያንኑ ሥራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለመድገም መስማማት ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጸሐፊው ባለበት ከሐርቡ አለፍ ብሎ አንድ እህል የጫነ ተሳቢ የኋላ ግራ ሞዞው ጨሶ ቆመ። ሾፌሩ በሁለት ወር ውስጥ የዚያን ጎማ ማገጃ ሦስት ጊዜ አስለውጦ ነበር። በየጊዜው የተሰጠው ምክንያት የመለዋወጫው ጥራት ማነስ ነው። ተሳቢው ግን ከወቅቱ ሥራ በፊት አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀባው ሰው ክዳኖቹን አልሸፈናቸውም፤ መስታወቱም መተንፈሻውም በቀለሙ ተዘግተዋል። ሞዞ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይስፋፋል፤ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ወደ ባቲ ዳገት ሲወጣ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል። መተንፈሻው የተዘጋ ሞዞ ይህን ግፊት የሚያስተነፍስበት መንገድ ስለሌለው ዘይቱን በማገጃው ከንፈር በኩል ይገፋዋል። የተለወጡት ሦስቱም ማገጃዎች ምንም ጉድለት አልነበረባቸውም።

ረዳቱ ወጣት ነበር። ‹‹ጋሼ፣ መስታወት እንዳለው እኮ አላውቅም ነበር›› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሥራ የጀመረው ከቀለሙ በኋላ ነበር። እህሉ ወደ ሌላ መኪና ተገልብጦ ማከፋፈያው ጣቢያ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ከሩቅ ቀበሌ ልጅ አዝለው መጥተው እዚያው ያደሩ እናቶች ነበሩ።

እንግዲህ ማገጃ ሲያፈስ በቅድሚያ መተንፈሻው ይታይ። ቀጥሎ ኩሽኔታው መላላቱ ይመርመር፤ የላላ ሞዞ ሲዞር ስለሚዋልል ማገጃውን በአንድ በኩል ይበላዋል። ከዚያም ማገጃው የሚያርፍበት የአክስሉ ክፍል በጣት ጥፍር ይዳሰስ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለበት ማንኛውም አዲስ ማገጃ አይዘጋበትም።

ሙቀትን በከሚሴ ስለ መለካት

የጋለ ሞዞ ሁሉ የታመመ አይደለም። ከጣርማበር ዋሻ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርድ ባለ ጭነት ተሳቢ በፍሬን የተያዘ ሁሉ ይግላል፤ የታምቡሩ ሙቀት ወደ ሞዞው ተላልፎ ዘይቱን ያቀጥነዋል። እዚያ ላይ እጅን ወደ ጎማው አስጠግቶ የታመመውን ከጤነኛው መለየት አይቻልም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን እንደዚያኛው ረጅም ቁልቁለት የለበትም። በዚህ ጉዞ ጤነኛው ፍሬን ይበርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ የጋለ ጎማ ምክንያቱ ቁልቁለቱ ሊሆን ይችላል፤ ከሚሴ ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ የጋለ ጎማ ግን ምክንያቱ በራሱ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ከሚሴን ለዚህ ምርመራ የምመርጣት ስለዚህ ነው። በተቃራኒው ከኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ስለሚደርስ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢመረምር ይሻላል።

የሚነጻጸረው በአንድ አክስል ላይ ያለው የግራው ሞዞ ከቀኙ ጋር ነው። የእጅን ጀርባ ቀስ ብሎ ማስጠጋት እንጂ በመዳፍ መያዝ አይገባም። በላዩ ጠብ የተደረገ የውሃ ጠብታ ወዲያው ‹ጭስ› ብሎ ከተነነ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነውና ጉዞው ይቁም። ታምቡሩ ከሞዞው መሃል ይበልጥ የጋለ ከሆነ የተያዘ ፍሬን ይጠርጠር፤ የሞዞው መሃል ከታምቡሩ ይበልጥ ከጋለ ኩሽኔታው ነው። ጎማው በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ሲዞር ፍሬኑ የመፋቅ ድምፅ ያሰማል፤ የተላጠ ኩሽኔታ ግን የሚያሰማው ጉርምርምታ ነው፤ በባሌስትራው ላይ ያረፈ እጅም ንዝረቱን ይሰማዋል።

የጋለውን ሞዞ በውሃ ማብረድ ክልክል ነው፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የጨሰ ጎማ ከበረደ በኋላም እንደገና ሊነድ ስለሚችል ተሳቢውን ብቻውን ትቶ መሄድም ተገቢ አይደለም።

ስለ ውሃና ጭቃ

ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ደዋ ጨፋ፣ ወደ አርጡማ ፉርሲና ወደ ሌሎቹ የዞኑ ወረዳዎች የሚገቡ ተሽከርካሪዎች በክረምት ጅረት መሻገራቸው አይቀርም። የጋለ ሞዞ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም ውሃውን በማገጃው ወይም በመተንፈሻው በኩል ይስባል። ስለዚህ ከመሻገር በፊት ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ማብረድ ብልህነት ነው። በማግስቱ ጠዋት ዘይቱ ነጣ ብሎ ከታየ መለወጥ እንጂ ይተናል ብሎ መጠበቅ አይበጅም። ውሃ የገባበት ኩሽኔታ መዛግ የሚጀምረው ተሳቢው ሥራ ፈትቶ በቆመበት ጊዜ ነውና፣ ከሥራ በኋላ ለወራት የሚቆም ተሳቢ ከመቆሙ በፊት ዘይቱ ይታይለት።

በጋራዥ የሚደረግ ጥገና

ከመፈታቱ በፊት ሌሎቹ ጎማዎች በታኮ ይያዙ፤ አክስሉም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ። የወጡት ኩሽኔታዎች በላምባ ወይም በንጹሕ ናፍጣ ይታጠቡ። በአየር መንፊያ እያሽከረከሩ ማድረቅ ለጨዋታ ቢያምርም ሮለሩ ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ከሮለሮቹ መካከል አንዱ እንኳ ጉድጓድ ካወጣ፣ ወይም በሙቀት ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ኩሽኔታው ከነውጭ ቀለበቱ ይለወጣል፤ የአዲሱን ውስጥ ከአሮጌው ቀለበት ጋር ማጋባት አይገባም። አዲሱ ከመግባቱ በፊት በዚያው በሚሞላው ዘይት ይነከር፤ ደረቅ ኩሽኔታ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይጎዳል።

ማገጃው በመዶሻ በቀጥታ እየተመታ አይገባም። ለዚሁ የተሠራ መግቢያ ከሌለ፣ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ወይም እንጨት በላዩ አድርጎ ዙሪያውን እኩል መግፋት ይገባል። ሞዞው ወደ አክስሉ ሲመለስም ክብደቱ በማገጃው ከንፈር ላይ እንዳያርፍ ቀጥ አድርጎ ማስገባት ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ጥንቃቄ ሁሉ የሚፈተነው በዳዶው ላይ ነው። ልማዱ ረዳቱ ጉልበቱ እስኪያልቅ አጥብቆ ‹ጥቂት› መመለስ ነው፤ የዚያ ‹ጥቂት› መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። በብዙ የሰሜን አሜሪካ ሥሪት አክስሎች ላይ የሚሠራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሞዞው በእጅ እየዞረ ዳዶው በመለኪያ መፍቻ እስከ 271 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ ይህም ሮለሮቹ በቦታቸው እንዲቀመጡ ነው። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይላላል። እንደገና ሞዞው እየዞረ እስከ 68 ኒውተን ሜትር ይጠበቅና፣ እንደ ጥርሱ ዓይነት ሠሪው በወሰነው የዙር ክፍልፋይ ይመለሳል። መቆለፊያው ሮንዴላና ሁለተኛው ዳዶ ከታሰሩ በኋላ ሞዞው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋና ሲሳብ የሚኖረው እንቅስቃሴ በባለ መርፌ መለኪያ ይለካል፤ ልኩ ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ይህን የሚያህለውን ነገር በግምት አገኘሁት የሚል ባለሙያ ዕድል ረድቶት ካልሆነ በቀር ሊያገኘው አይችልም። የላላው ማገጃ ይበላል፤ የጠበቀው ግን ከዚያ ይብሳል፣ በአንድ ጉዞ ኩሽኔታውን ያቃጥላልና።

በመንገድ ላይ መለኪያ ለሌለው ሾፌር የሚሆን አንድ ዘዴ አለ። ተሳቢው እንደ መኪናው የፊት ጎማ የመሪ መገጣጠሚያ ስለሌለው፣ ጎማው ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ በግልጽ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ፣ የቸርኬው ዳዶዎች ጥብቅ እስከሆኑ ድረስ፣ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው።

ዘይት ወይስ ግራሶ?

በዘይት የሚሠራውን ሞዞ ወደ ግራሶ መለወጥ ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ከወደብ እስከ ኮምቦልቻ መጋዘን በአስፋልት የሚመላለስና በየጠዋቱ የሚያየው ረዳት ያለው ተሳቢ በዘይት ቢሠራ ይመረጣል። ጅረት እየተሻገረ ገጠር ለሚውል፣ ሾፌሩም በየሳምንቱ ለሚቀያየር ተሳቢ ግን በአግባቡ የታሸገ ግራሶ የተሻለ ነው የሚል አስተያየት አለኝ። የማይፈቀደው ሁለቱን መቀላቀል ነው። ዘይት የጎደለበት ሞዞ ላይ ግራሶ የሚጠቀጥቁ፣ በግራሶ የታሸገው ላይ ደግሞ ዘይት የሚያፈሱ አሉ፤ ግራሶው ዘይቱ ወደ ውስጠኛው ኩሽኔታ የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል፣ መስታወቱም ሞልቶ እያሳየ ኩሽኔታው ደርቆ ይቃጠላል። ለውጥ ከተደረገ ሞዞው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ፣ ማገጃውና ክዳኑም ለግራሶ የሚስማማ ሆኖ መሆን አለበት። በዚያን ጊዜ በሞዞው ላይ በቀለም ‹ዘ› ወይም ‹ግ› ብሎ መጻፍ ቀጣዩን ሠራተኛ ከስሕተት ያድናል፤ ክዳኑን ሸፍኖ መቀባቱ እንዳይረሳ እንጂ።

ለእያንዳንዱ ተሳቢ አንድ ደብተር ተከፍቶ፣ የየሞዞው ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረው መጠን፣ የተለወጠው ማገጃም ይመዝገብ። በአንድ ሞዞ ስም ሦስት ጊዜ ‹ዘይት ተጨመረ› የሚል ጽሑፍ ሲገኝ ኃላፊው ተሳቢውን ለቀጣዩ ጭነት ከማሰማራቱ በፊት ወደ ጋራዥ ይላከው። ዘይቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወይም ፍሬኑ በተፈታ ቁጥር ቢለወጥ ይበቃል። በሾፌሩ ሣጥን ውስጥ ከክሪኩና ከታኮው ጋር ሁለት ሊትር ዘጠና ቁጥር ዘይት፣ ሁለት የክዳን ጓርኒሲዮን፣ አንድ መተንፈሻ፣ አንድ ሙሉ ክዳን፣ ልኩ የተረጋገጠ አንድ ማገጃና ንጹሕ ጨርቅ ይቀመጡ፤ ማገጃው ጎማ ስለሆነ ከፀሐይና ከናፍጣ ርቆ በማሸጊያው ውስጥ ይቆይ።